በናፊሳ ግቢ የተቆጠሩት

ናፊሳ ግቢ ውስጥ ስምንት ፍየል ቆጥሬያለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት፤ አንዴ ከእሾህ አጥሩ ውጭ ቆሜ፣ አንዴ ገብቼ። አራት እናቶች፣ ሦስት ግልገሎች፣ አንድ ወጠጤ። ታብሌቱ ላይ ስምንት ብዬ ሞላሁና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። በዚያ ቀን አሥራ አራት ቤት ነበረብኝ። ታብሌቱ ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ በሻሼ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ጥላ ነበር የምሮጠው።

ከአራት ፍየል በላይ ያለበት ቤት ከድሆች ዝርዝር ይወጣል። ናፊሳ ወጣች።

ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነው። ከጀውሃ ወንዝ ባሻገር ያለችውን፣ ሰው ሁሉ ማዶ ብቻ ብሎ የሚጠራትን ቀበሌ ለሁለት ሰው ሰጡን፤ ለእኔና ለቃሲም። ከወንዙ ወዲህ፣ አስፋልቱ አጠገብ ያሉ ጥቂት ቤቶችም በእሷ ሥር ናቸው። ፕሮጀክቱ ድህነትን ለመቀነስ ከሁለት መንገዶች የትኛው እንደሚሻል ማወቅ ይፈልጋል። ሦስት ቀበሌዎች ተመርጠዋል። በእያንዳንዳቸው ከሁሉ የባሰባቸው ቤቶች ይለያሉ፣ ስማቸው በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ከዚያ በቀበሌዎቹ መካከል ዕጣ ይወጣል። አንዱ ቀበሌ ፍየልና ሥልጠና ያገኛል። አንዱ ገንዘብ በእጁ ይሰጠዋል፤ የፈለገውን ያድርግበት። ሦስተኛው ሁለት ዓመት ይጠብቃል። የሚጠብቁት ለማወዳደሪያ ናቸው፤ ምንም ያልተሰጠው ሰው ኑሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚሆን ካልታወቀ የሌሎቹም ለውጥ አይታወቅም።

ሥልጠናው ላይ አስተባባሪያችን ዮርዳኖስ ደጋግማ የነገረችን አንድ ነገር ነበር። ሰው እርዳታ ሲመጣ ያለውን ይደብቃል፤ ስለዚህ ስለ ከብት አትጠይቁ፣ በዓይናችሁ ቁጠሩ። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

ስህተቴን ያወቅኩት ሰኞ ነው። ዝርዝሩ የሚነበበው ሐሙስ ነበር።

ከየአሥር ቤቱ አንዱን ተመልሰን እናጣራለን፤ የናፊሳ ቤት ለማጣሪያ ወጣ። ስደርስ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ የሰው ማሾ ትለቅማለች፤ ጠጠሩን በአንድ በኩል፣ ፍሬውን በሌላ በኩል። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ዓሊያ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ጣሳ ይዛ አንዲት ቡናማ ፍየል ተከትላ ትዞራለች። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳናበቃ ቡናማዋ መጥታ እጄን ላሰችኝ። የላቤን ጨው ፈልጋ ነው። ጎንበስ ስል ጆሮዋን አየሁ። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር።

ይህን ስንጥቅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ወንድሟ ጋ፣ አጎቴ ሷሊሕ ዘንድ ትልከኝ ነበር። ግልገል ጭኔ ላይ አድርጌ አፏን እይዛለሁ፤ እሳቸው ጆሮዋን በምላጭ ሁለቴ ሰንጥቀው አመድ ይነሰንሱበታል። የግልገሏ ልብ መዳፌ ላይ ሲመታ አሁንም ይሰማኛል። ረጅሙ የአባቴ ነው፣ አጭሩ የኔ ነው ይሉ ነበር።

ተነስቼ የሌሎቹን ጆሮ አየሁ። ስምንቱም።

"እትዬ ናፊሳ፣ እነዚህ ፍየሎች ያንቺ ናቸው?"

መልቀሟን አላቆመችም። "እኔ ግቢ ናቸው።"

"ማለቴ፣ ባለቤታቸው..."

"ባለፈው መጥተሽ ስለ ጣሪያዬ ጠየቅሽኝ፣ ስለ ሽንት ቤቴ ጠየቅሽኝ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምበላ ጠየቅሽኝ። ስለ ፍየል ግን አንድ ቃል አልተነፈስሽም። በጣትሽ እያመለከትሽ ቆጥረሽ ሄድሽ። እኔም ልጅቷ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

የርቢ ናቸው። በእኛ አገር ከብት ያለው ሰው ሁሉንም በራሱ ግቢ አያቆይም፤ ጉልበት ኖሮት ከብት ለሌለው ሰው ለርቢ ይሰጣል። የተቀበለው ያሰማራል፣ ያጠጣል፤ ወተቱ የእሱ ነው። አንዱ ግልገል ለባለቤቱ፣ ቀጣዩ ለአርቢው፣ እንዲህ በየተራ ይሄዳል። ፍየሏ ከሞተች አርቢው ቆዳዋን ወስዶ ለባለቤቱ ያሳያል። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም፤ አማና ነው። አርቢው የማን እንደሆኑ አያወራም፣ ባለቤቱም የት እንዳሉ አያወራም። ዓይን እንዳይገባባቸው ነው የሚሉ አሉ፤ ግብር ሰብሳቢው እንዳይሰማ ነው የሚሉም አሉ። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ጓዳ ውስጥ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታብሌት ስይዝ የት እንደሄደብኝ አላውቅም።

ከስምንቱ ስንቱ የሷ እንደሆነ ጠየቅኳት። የቡናማዋ ግልገል ጡት ስትጥል ለእሷ ትደርሳለች። ሌላ የለም፤ እስካሁን የደረሷትን ለእህል ሸጣቸዋለች።

የአጎቴ የሷሊሕ መሆናቸውን ከጆሯቸው እንዳወቅኩ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ዓሊያን ለጎረቤት ወንፊት መልሺ ብላ ላከቻት። ልጅቷ እስክትርቅ ጠብቃ፣ "ጆሮ ያየሽው አንቺ ነሽ" አለች። "እኔ ምንም አላልኩም።"

በእነሱ ምክንያት ከዝርዝሩ እንደወጣች ነገርኳት። ታውቅ ነበር። ፍየሎቹ የሌላ ሰው ናቸው ብላ ሐሙስ ዕለት ብትናገር እንደምትገባም ታውቃለች።

"ዝርዝራችሁ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይሄዳል" አለች። "እነዚህ ሦስት ዓመት እኔ ጋ ናቸው። ዓሊያ በዚች ወተት ነው ያደገችው። የሰው አማና በአደባባይ ጠርቼ ከገባሁ በኋላ አንዲት ጫጩት እንኳ ማን ያምነኛል?"

"ግን ከዚህ ቀበሌ ከሁሉ የባሰባት አንቺ ነሽ።"

"ነኝ" አለች፣ አንድ ጠጠር አንስታ እየጣለች። "በቴክኖሎጂ አረጋገጥሽልኝ፤ አላህ ይስጥሽ።"

እስከ አስፋልቱ በእግሬ ሄድኩ። ባጃጅ ቆሞ ጠራኝ፤ መቀመጥ የሚቻለኝ ስላልመሰለኝ እጄን አወዛወዝኩና አለፍኩ። የሚያልፉት ተሳቢ መኪኖች ንፋስ ቀሚሴን እየገፋ፣ ጀውሃ እስክደርስ ያንን ቁጥር እያሰብኩ ነበር። ስምንት ትክክል ነው። ስምንት ስህተት ነው። አንድ ቢሆን ዓሊያ ዝርዝር ውስጥ ናት።

ሸዋ ሮቢት ያለው ቢሯችን ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው፤ ማራገቢያው ሲዞር ወረቀት ሁሉ በድንጋይ ይታፈናል። የሆነውን ስናገር ቃሲም ሳቀ። አሥራ ስምንት ዓመት የልማት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ዶሮ አከፋፍሏል፣ ቀፎ አከፋፍሏል፣ የማንጎ ችግኝ አከፋፍሏል። ዘመድ የዘመዱን ቤት ስለማይሞላ የአጎቴን ቤት የሞላው እሱ ነበር።

"ያንቺን አጎት ዜሮ ነው ያልኳቸው" አለ። "በረታቸውን አይቻለሁ። መጥረጊያ ብቻ ነበረበት።"

አጎቴ ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ቃሲም ሁልጊዜ የሚለውን ደግሞ አለ። ድሃውን ከድሃ ለመለየት የምንደክመው ድካም ከንቱ ነው፤ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ችግረኛ ነው፤ ለሁሉም እኩል ሰጥቶ ወደ ቤት መሄድ። ዮርዳኖስ ከወረቀቷ ቀና አለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሙቀቱን ችላ እዚህ ከከረመች ሰባት ወር ሆኗታል፤ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም።

"ለሁሉም የሚበቃ የለም" አለችው። "ለማን ሰጥተን ምን እንደተለወጠ ካላወቅን ደግሞ ቀጣዩም ሰው እንዳንተ አሥራ ስምንት ዓመት ዶሮ ሲያከፋፍል ይኖራል።"

"ዶሮዎቹ ምን በደሉሽ?" አለ ቃሲም።

ወደ እኔ ዞራ ደንቡን ነገረችኝ። ስህተቱ ሊታረም ይችላል። ግን ባለቤቱ ሐሙስ ዕለት በሕዝብ ፊት ቆሞ የኔ ናቸው ማለትና መፈረም አለበት። በወሬ ብናርም ፍየል ያለው ሁሉ የርቢ ናቸው ብሎ ይነሳል። ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ ይበልጥ አቁነጠነጠኝ።

ማክሰኞ በጠዋት አጎቴ ጋ ሄድኩ። ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው የሽንኩርት መደባቸውን አጥር በእሾህ ይደፍናሉ። ስለ እናቴ ወገብ ጠየቁኝ፣ ስለ አባቴ ልብስ ስፌት ጠየቁኝ፣ ቤት ገብቼ ሻይ እንድጠጣ ነገሩኝ። እኔ ቆሜ፣ ሳላርፍ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

ሥራቸውን ቀጠሉ። ቆይተው፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ የሸሸበትን ዓመት አነሱ። ያን ጊዜ በረታቸው ውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ፍየሎች በአንድ ቀን ጠፉ። የተረፉት ወንዝ ማዶ ለርቢ የተሰጡት አራቱ ብቻ ናቸው። የነሱን ልጆች ነው ከጊዜ በኋላ ለናፊሳ የሰጧት።

"ያ ልጅ መጥቶ ግቢዬን ባዶ አገኘና ድሃ ነው አለ" አሉ። "እኔ አላልኩም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።"

"ይነግሩት ነበር?"

እሾኹን አስገብተው በእግራቸው ረገጡት። "አልነግረውም ነበር" አሉና ፈገግ አሉ።

እኔም ፈገግ ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ፕሮጀክቱ ለናፊሳ የሚሰጣት ሙሉ በሙሉ የራሷ እንደሚሆን፣ እሳቸው የሰጧት ግን ግማሽ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ግማሹ በየዓመቱ ነው" አሉ። "የእናንተ አንዴ ነው። የእናንተ ቢሞት ቆዳውን ለማን ታሳያለች? የኔ ሲሞት ሌላ እሰጣታለሁ። ደግሞ አንቺ ቡናማዋን አላወቅሻትም? ያንቺ ዘር ናት። ስትወለጂ የሰጠሁሽ የዚያች የልጅ ልጅ ልጅ።"

ልጅ ሆኜ አዲስ ጫማ ስጠይቅ እናቴ፣ አጎትሽ ጋ ፍየል አለሽ፣ ሂጂና ሽጪያት ትለኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። የራሴን ፍየል ናፊሳ ላይ ቆጥሬባታለሁ ማለት ነው። ይህ ሲገባኝ አፌን መዝጋት አቃተኝ።

"እሷ የወጣችው በአንቱ ፍየሎች ነው" አልኩ። "አንቱ ደግሞ በሷ ቦታ ገብተዋል።"

እጃቸው እሾኹ ላይ ቆመ። ወዲያው ነው የቆጨኝ፤ ግን የተናገርኩት እውነት ስለነበረ መመለሻ አጣሁለት። ሽርጣቸውን ወደ ታች ለቀቁት፣ እጃቸውን አራገፉ።

"ሻይሽን ሳትጠጪ" አሉና ወደ ቤት ገቡ። እስክሄድ አልወጡም።

ረቡዕ ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ስመጣ ጀውሃ መግቢያ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት ተሳቢዎች ጥሩንባ እየነፉ ቆመዋል። ፍየሎች አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ቆጠርኳቸው፤ ልማድ ሆኖብኛል። ሰባት። ስምንተኛዋ፣ ትንሿ፣ ከኋላ በሚመጡት በአጎቴ ክንድ ውስጥ ነበረች። ቡናማዋ ግልገሏን እያየች ትጮሃለች። አጎቴ አዩኝ። ሲያልፉ ባጃጁ ጋ ጎንበስ አሉ።

"ነገ ግቢዬ ናቸው" አሉ። "መጥተሽ ቁጠሪያቸው።"

ሾፌሩ ሰውዬው የሚያውቁኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አጎቴ ናቸው አልኩት።

ሐሙስ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ወርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ቃሲም ስሞቹን አነበበ። የአጎቴ ስም ሲጠራ ተነሱ፤ ጠዋት የታጠበ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ስምንት ፍየል እንዳላቸው፣ ስማቸው እንዲወጣ፣ ናፊሳ ጋ የነበሩት የእሳቸው ስለሆኑ የሷ ስም እንዲገባ በአጭሩ ተናገሩ። አንድ ሰው ከኋላ፣ "ሷሊሕ በአንድ ቀን ከበረ" አለ፤ ሰው ሳቀ። አጎቴም ሳቁ። ዮርዳኖስ ወረቀቱን አቀረበችላቸው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው አተሙ፣ ጣታቸውን በወርካው ግንድ ጠረጉ። ናፊሳ ከሴቶቹ መሐል መሬት መሬት ታያለች። ስሟ ሲነበብም ቀና አላለችም።

የምፈልገው ነገር ሆነ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ስብሰባው ሳያልቅ አንዳንድ ወንዶች ከዳር ከዳር እየተነሱ ሄዱ። ቃሲም በዓይኑ አሳየኝ። "ፍየላቸውን ሊያዩ ነው" አለ በሹክሹክታ። ከሰዓት በኋላ ከቤት ቤት ስንዞር ማዶ እንዲህ ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም። በማሽላው መሐል፣ በወንዙ ዳር፣ በየጎዳናው ፍየል ይነዳል። አንዱ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል፤ ሌላው፣ ነገ ደግሞ እኔ ግቢ ይቆጠራሉ ብሎ፣ ያለውን ያሸሻል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተላልፈው ሰላም ሳይባባሉ ሲያልፉ አየሁ። እኔ ያመጣሁት ነው። ያመጣሁት አንዲት ጥያቄ በመጠየቅ እንደሆነ፣ ወይስ ቀድሞ ባለመጠየቅ፣ እየተራመድኩ ላሰላው ሞከርኩ።

ዕጣው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት አዳራሽ ውስጥ ወጣ። ሦስቱ የቀበሌ ሊቀመናብርት ከአንድ ቁና ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አነሱ። የመጀመሪያው ፍየል አለ። ሁለተኛው ገንዘብ አለ። የማዶው ሊቀመንበር ሦስተኛውን መክፈት አላስፈለጋቸውም፤ ግን ከፈቱት፣ አገላብጠው ጀርባውንም አዩት።

ዮርዳኖስ ለሕዝቡ በጥሩ አማርኛ፣ በትዕግሥት አስረዳች። መጠበቅ ማጣት አይደለም አለች። በየስድስት ወሩ እየመጣን ሁኔታችሁን እናያለን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለው መንገድ ለእናንተም ይመጣል። ስትጨርስ ውኃ ጠጣች፤ ወረቀቷን ከሊቀመንበሩ እጅ ተቀብላ፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ሥር ከተተቻት። እሷም ያቺን ወረቀት ማንም እንዲያነሳት እንደማትፈልግ ያን ጊዜ ገባኝ።

እሁድ ናፊሳ ጋ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። የግቢው መሬት ተጠርጓል፤ ፍየሎቹ ይታሰሩበት የነበረው ችካል ተነቅሎ አጥሩ ጋ ተደግፏል። ዓሊያ ጣሳዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጣሳው ውስጥ ጠጠር አለ፣ ታንቃጭለዋለች።

ናፊሳ ቁጭ እንድል ጠፍር በርጩማ አወጣችልኝ። አልተቆጣችም። ነገሩ አልገባኝም አለችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሁለት ዓመት ጠብቂ ማለት፣ እስከዚያ ድሃ ሆኜ ልቆይላችሁ ማለት ነው? ስትመጡ ካለፈልኝ ስህተት ይሆንባችኋል?"

አይሆንም አልኩ። ከዚያ የምናወዳድረው ከእናንተ ጋር ነው ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት።

"በድዬሻለሁ፤ አውፍ በይኝ፣ እትዬ ናፊሳ።"

"አውፍ ብያለሁ" አለች። "አውፍ ግን ወተት አይሆንም።"

በርጩማው ላይ ሳልቀመጥ ነው የወጣሁት። ወንዙን ተሻግሬ፣ አስፋልቱን አቋርጬ፣ አጎቴ ጋ እስክደርስ አልቆምኩም። በረታቸው ሞልቷል። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሩን እየጠበቁ ነበር፤ እንዲህ ሥራ ፈተው አይቻቸው አላውቅም። ፍየል ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም አሉኝ፣ ሽንኩርቱን ሊበሉበት ይችላሉ፤ እሳቸውም እሱን ትተው ሣር መፈለግ ጀምረዋል፤ በዚህ ዕድሜ።

ለናፊሳ እንዲመልሱላት ለመንኳቸው።

"ሰው ሁሉ ፊት የኔ ናቸው ብያለሁ" አሉ። "የሰማው ሰው ብዙ ነው። አሁን ብመልሳቸው ከሁለታችን አንዳችን ሌባ ነን ይላሉ፤ እኔ ዋሸሁ፣ ወይ እሷ አሸሸችልኝ። አማና ከተነገረ በኋላ ምን አማና አለው?"

"እሺ፣ የኔን ይስጡኝ።"

"ያንቺን ምን?"

"ቡናማዋን። ያንቺ ናት አላሉኝም?"

 ሊስቁ የፈለጉ መሰለኝ፤ ግን ተነሱና ገመድ ፈለጉ። ቡናማዋን አንገቷ ላይ አሰሩልኝ፣ ግልገሏን አብረው ለቀቁ። ይህች ግልገል ቀድሞም የናፊሳ ተራ ናት፤ ጡት ስትጥል መጥታ ትወስዳለች ብዬ ነበር አሉ። እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ገመዱን እንዴት እንደምይዝ፣ ስትቆምብኝ እንዳልጎትት፣ ግልገሏን ካስቀደምኩ እናትየዋ ራሷ እንደምትከተል አሳዩኝ።

"ለማን እንደምትሰጪያት አትንገሪኝ" አሉ። "አልጠየቅኩሽም።"

መንገዱ ከቆጠራው ሁሉ የከበደ ነበር። ባጃጅ አልጭንም አለ። ከአንድ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ደጃፍ የተቀመጡ ሾፌሮች፣ ሻሽ አጣፍታ ቦርሳ ያነገተች ልጅ በፍየል ስትጎተት አይተው፣ ቢሮ ይዘሻት ልትገቢ ነው ወይ እያሉ ተሳለቁብኝ። ወንዙ መሐል ቡናማዋ ቆመችብኝ። ግልገሏን አቅፌ ስሻገር ጫማዬ በውኃ ሞላ። የቆጠራው ቀን ዓይነት ሩጫ ግን አልነበረም፤ ፍየል ያለው ሰው በፍየሉ ፍጥነት ነው የሚሄደው።

ዓሊያ ናት መጀመሪያ ያየችን። ጠጠሩን ከጣሳዋ ደፋችው።

ናፊሳ ገመዱን ወዲያው አልተቀበለችኝም። የማን ናት አላለችም፤ ጆሮዋን አይታለች። አጎትሽ ያውቃሉ ወይ አለችኝ። የኔ ናት፣ በወለድኩባት ቀን... አይደለም፣ በተወለድኩ ቀን የተሰጠችኝ ፍየል ዘር ናት ስላት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ትንሿ ያንቺ ናት፤ ቀድሞም ያንቺ ነበረች" አልኩ። "እናትየዋ የርቢ ናት። ወተቱ ያንቺ ነው። ከአሁን በኋላ የምትወልደው የመጀመሪያው የኔ፣ ቀጥሎ ያንቺ። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።"

"ብትሞት ቆዳዋን አመጣልሻለሁ ይባላል።"

"እሺ።"

"ሸዋ ሮቢት ድረስ?"

"ሸዋ ሮቢት ድረስ።"

ያን ጊዜ ገመዱን ተቀበለችኝ። ችካሉን ከአጥሩ አንስታ በድንጋይ ስትመታ፣ ዓሊያ ቡናማዋ ሥር ቁጭ ብላ ነበር።

ለዮርዳኖስ ምን እንደሠራሁ አልነገርኳትም። የነገርኳት ሌላ ነገር ነው፤ መጠይቁ ውስጥ ሁለት ጥያቄ እንዲጨመር። የእርስዎ ሆኖ ሌላ ሰው ዘንድ ያለ ከብት አለ ወይ? የሌላ ሰው ሆኖ እርስዎ ዘንድ ያለስ? በጥሞና ሰማችኝ፤ ለአዲስ አበባ ጻፈች፣ ተፈቀደ። መልካም ሥራ ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ቃሲም ከመስኮቱ ሥር አንገቱን ነቀነቀ።

በስድስተኛው ወር ማዶን እንደገና ዞርን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት። ሁለቱን አዲስ ጥያቄዎች በየቤቱ ጠየቅን፤ በሥነ ሥርዓት፣ ሰው በሌለበት፣ ምሥጢሩ እንደሚጠበቅ እየነገርን። በየቤቱ መልሱ አንድ ነበር። የለም። የለም። ግቢያቸው ውስጥ ጆሯቸው በስድስት ዓይነት የተሰነጠቀ ፍየሎች እየዞሩ፣ የለም። ፍየሎቹ ተመልሰው እንደተበተኑ ያወቅኩት በዚህ ነው።

የናፊሳን ቤት እኔ አልሞላም፣ ዝምድና አለን ብዬ ዮርዳኖስ ዘንድ አስመዘገብኩ። ቃሲም ገባ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆየሁ። ሦስት ፍየሎች ነበሩ፤ ቡናማዋ፣ ያቺ ግልገል አድጋ፣ እና ከሳምንት በፊት የተወለደ ጥቁር። ቃሲም ታብሌቱን ከሻርፑ ሥር አውጥቶ ቁጥሩን ሞላ፣ ከዚያ አዲሱን ጥያቄ አነበበ፤ በግቢዎ ውስጥ የሌላ ሰው ከብት አለ?

ናፊሳ ወደ አጥሩ አላየችም።

"የለም" አለች።

ቃሲም ቡናማዋን አየ። ጆሮዋን አየ። የአጎቴን ቤት የሞላ ሰው ነው፤ ከዚያም በፊት አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ አገር በረት ለበረት የዞረ ሰው ነው። ጣቱን አነሳ፣ ዜሮ ነካ።

ቡናማዋ ወደ አጥሩ መጣች። በእሾኹ መሐል አፍንጫዋን አስገብታ እጄን ፈለገች፤ ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ላብ ላብ ብሎኛል። እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።